ነጻ ናችሁ ከተባሉ በኋላ ምን በሉ? የት አደሩ?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) ስንጽፍ፣ በጦርነቱ ፍጻሜ 4 ሚሊዮን ገደማ ባሮች ነጻ መውጣታቸውን በአንድ መስመር ጠቅሰን አልፈን ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱን ጥያቄዎች በአመዛኙ «ከዚያስ?» የሚሉ ናቸው። በዚያች አንድ መስመር ማለፋችን ትክክል አልነበረምና የዛሬውን ዓምድ ሙሉውን ለዚህ ሰጥተነዋል። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አዋጁ በተነገረ ማግስት ያ ሁሉ ሕዝብ የት ሄደ? የሚቀበለው መሥሪያ ቤትስ ነበረ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አብዛኛው የትም አልሄደም፤ ትናንት ባደረበት ጎጆ ነው ያደረው። ጁን 19 ቀን 1865 በቴክሳስ ጋልቬስተን ከተማ ጄኔራል ጎርደን ግሬንጀር ያስነገረው ትእዛዝ ራሱ ነጻነቱን ካበሰረ በኋላ ወዲያው፣ ባሉበት ተቀምጠው በደመወዝ እንዲሠሩ ይመክራል፤ ሥራ ፈትቶ ለተቀመጠ ድጋፍ እንደማይሰጥም ያስጠነቅቃል። ወደ ከተማና ወደ ጦር ሰፈር የጎረፈውም ጥቂት አልነበረም። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተሸጡባቸውን ልጆች፣ ሚስቶችና እናቶች ፍለጋ የወጡ ናቸው።

መሥሪያ ቤትስ ነበረ። ሙሉ ስሙ «የስደተኞች፣ የነጻ ወጪዎችና የተተዉ መሬቶች ቢሮ» ነው። ኮንግረስ ያቋቋመው ጦርነቱ ሊያበቃ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ማርች 3 ቀን 1865 ነው። በጦር ሚኒስቴር ሥር ሆኖ የሚመራው በጦርነቱ ቀኝ እጁን ያጣው ጄኔራል ኦሊቨር ኦቲስ ሃዋርድ ነበር። በስሙ ውስጥ «ስደተኞች» የተባሉት በጦርነቱ የተፈናቀሉ ነጮች ናቸው። ቢሮው እነሱንም ይረዳ እንደነበር ብዙ ሰው ይዘነጋዋል።

ችግሩ የጀመረው ከማቋቋሚያ ሕጉ ነው። ሕጉ ቢሮውን ፈጠረ እንጂ ለመጀመሪያው ዓመት በጀት አልመደበለትም። ሠራተኞቹን ከጦሩ መኮንኖች፣ እህሉንና ልብሱን ከጦሩ መጋዘን፣ ጥሬ ገንዘቡን ደግሞ ባለቤቶቹ ጥለውት ከሸሹት መሬት ኪራይ እንዲያገኝ ነበር የታሰበው። ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን መሬቱን ለቀድሞ ባለቤቶቹ መመለስ ሲጀምር ኪራዩ ነጠፈ። ኮንግረስ በቀጥታ ገንዘብ የመደበው ከአንድ ዓመት በላይ ዘግይቶ በ1866 አጋማሽ ሲሆን መጠኑም 6.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ጆንሰን በፌብሩዋሪ 1866 የቢሮውን ዕድሜ ማራዘሚያ ሕግ ውድቅ አደረገ። ኮንግረስ በጁላይ ሌላ ሕግ አውጥቶ፣ እሱም ውድቅ ሲደረግ በድምፅ ብልጫ ሽሮ አጸደቀው።

የሰው ኃይሉን ማየትም ይጠቅማል። ቢሮው በመላው ደቡብ በአንድ ጊዜ ያሰማራቸው ወኪሎች ከ900 ገደማ በልጠው አያውቁም። በ1866 ሚሲሲፒን ለሚያህል ግዛት የነበሩት 12 ገደማ ናቸው። አንዱ ወኪል ቀለብ ያድላል፣ ውል ያነባል፣ ደመወዝ ያልተከፈለውን ክስ ይሰማል፣ ጋብቻ ይመዘግባል፣ ለትምህርት ቤት ጣውላ ያፈላልጋል። በፈረስ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ለሚገኝ ሰው ወኪሉ ከነጭራሹ እንደሌለ ነበር። ቢሮው አብዛኛውን ሥራውን በ1868 መጨረሻ ዘጋ። የትምህርት ሥራው እስከ 1870፣ የጥቁር ወታደሮች ውዝፍ ክፍያ ደግሞ እስከ ጁን 1872 ቀጠለ።

ጥያቄ፦ እኔ የእርዳታ እህል በማከፋፈል ሥራ ላይ ነኝ። ለአንድ ሰው በቀን ስንት ይሰጥ ነበር? ለማን? (ከደሴ)

መልስ፦ ቢሮው በጁን 1865 ያወጣው መመሪያ መጠኑን በዝርዝር ያስቀምጣል። አንድ ቀለብ ማለት የአንድ አዋቂ ሰው የአንድ ቀን ድርሻ ነው። የአሳማ ሥጋ ወይም ቤከን ከሆነ 283 ግራም፣ ትኩስ የበሬ ሥጋ ከሆነ 454 ግራም። በሳምንት አምስት ቀን 454 ግራም የበቆሎ ዱቄት፣ ሁለት ቀን ያንኑ ያህል የስንዴ ዱቄት ወይም ዳቦ። ዳቦው ደረቅ የወታደር ብስኩት ከሆነ (እኛ ኮቾሮ የምንለው ዓይነት) 340 ግራም ይሆናል። የቀረው የሚሰፈረው በ100 ቀለብ ነው፦ ባቄላ፣ አተር ወይም የተሸረከተ በቆሎ 4.5 ኪሎ፣ ስኳር 3.6 ኪሎ፣ ጨውና ሳሙና እያንዳንዳቸው 900 ግራም፣ ኮምጣጤ ሁለት ሊትር ለመሙላት ጥቂት የሚቀረው፣ ሻማ 227 ግራም፣ ጥቂት ቁንዶ በርበሬም። ለሴቶችና ለሕፃናት ከአጃ የተቆላ ቡና ወይም ሻይ ይጨመራል። ዕድሜው ከ14 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ግማሽ ቀለብ ያገኛል።

ወደ ቤተሰብ እንመንዝረው። ከ14 ዓመት በታች የሆኑ ሦስት ልጆች ያሏት እናት በቀን ሁለት ቀለብ ተኩል ይገባታል። በሳምንት 5.7 ኪሎ የበቆሎ ዱቄት፣ 2.3 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 5 ኪሎ የሚጠጋ የአሳማ ሥጋ፣ 800 ግራም የማይሞላ ባቄላ፣ 640 ግራም ገደማ ስኳር፣ ለአራት ሰው ገላና ልብስ ደግሞ 160 ግራም ሳሙና ማለት ነው። ሙሉውን ካገኘች ሆድ ይይዛል። ዝርዝሩን ልብ ብለው ካዩት ግን ጎመን፣ ድንች፣ ወተት የሚባል የለበትም። ለዚህ ነው ከጎጆው ጀርባ ያለች የጓሮ አትክልት ቦታ በየውሉ ላይ የክርክር ርእስ ስትሆን የምናገኛት።

ይሰጥ የነበረው ለአቅመ ደካሞች፣ ለሕሙማን፣ ወላጅ ለሌላቸውና ሕፃን ላቀፉ እናቶች ነው። መሥራት የሚችል ጎልማሳ «ሂድና ውል ግባ» ተብሎ ይመለሳል። ቢሮው በዕድሜው ያደለው 21 ሚሊዮን ገደማ ቀለብ ሲሆን ከዚያ ውስጥ ሩብ ያህሉ የደረሰው ነጮችን ነው። ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል፤ ነገር ግን ለ4 ሚሊዮን ነጻ ወጪዎች እንኳ ቢካፈል በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ለአንድ ሰው ከአምስት ቀን ምግብ ብዙም አይበልጥም። «መንግሥት ቀልቦ አሰነፋቸው» የሚለው የዘመኑ ወሬ በዚህ ስሌት ብቻ ይወድቃል።

ትልቁ ስህተት የተፈጸመው በ1866 ነው። ሃዋርድ ከኦክቶበር 1 ጀምሮ በሆስፒታልና በሙት ልጆች ማሳደጊያ ካሉት በቀር ለማንም ቀለብ እንዳይሰጥ አዘዘ። በዚያው ዓመት ዝናብ አጥሮና ተምች ገብቶ ሰብሉ ጠፍቶ ነበር። በቀጣዩ ጸደይ ረሃቡ አፍጥጦ ሲወጣ ኮንግረስ በማርች 1867 ልዩ የእርዳታ ውሳኔ ለማሳለፍ ተገደደ። እርሻ የሚያውቅ ሰው እንደሚረዳው ቀለብ መቁረጥ የሚቻለው ምርቱ ጎተራ ሲገባ ነው፤ እነሱ የቆረጡት ቀን ቆጥረው ነው።

ጥያቄ፦ «40 ኤከርና አንድ በቅሎ» ሲባል እሰማለሁ። ተሰጥቷቸው ነበር ወይስ ወሬ ብቻ ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ተሰጥቷቸው ነበር፣ ተነጠቁም። ጃንዋሪ 12 ቀን 1865 በጆርጂያ ሳቫና ከተማ ጄኔራል ሸርማንና የጦር ሚኒስትሩ ስታንተን 20 ጥቁር የሃይማኖት መሪዎችን አስጠርተው ምን እንደሚፈልጉ ጠየቁ። ቃል አቀባያቸው የ67 ዓመቱ ጋሪሰን ፍሬዘር ነበር። ፍሬዘር የራሱንና የሚስቱን ነጻነት ከጥቂት ዓመታት በፊት በ1,000 ዶላር የገዛ ሰው ነው። መልሱ፣ ራሳችንን ለመቻል የሚበጀን መሬት አግኝተን በገዛ ጉልበታችን ማረስ ነው የሚል ነበር። በአራተኛው ቀን ሸርማን ልዩ የመስክ ትእዛዝ ቁጥር 15ን አወጣ። ትእዛዙ ከቻርልስተን ወደ ደቡብ ያሉትን ደሴቶችና ከባሕሩ ዳርቻ 48 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ የሚዘልቀውን መሬት እስከ ፍሎሪዳው ሴንት ጆንስ ወንዝ ድረስ ለነጻ ወጪዎች ከለለ። ለአንድ ቤተሰብ ከ40 ኤከር የማይበልጥ የሚታረስ መሬት ነው፤ በእኛ ልክ 16 ሄክታር፣ ግማሽ ጋሻ የማይሞላ። ስለ በቅሎ በትእዛዙ ውስጥ ምንም የለም። በቅሎው የመጣው ጦሩ ያረጁ እንስሶቹን ለአንዳንዶች በመስጠቱ ነው። 40,000 ገደማ ሰዎች በ400,000 ኤከር ላይ ሰፍረው ዘሩ።

ቢሮው ሲቋቋምም ሕጉ ይህንኑ አስፋፍቶ ነበር፦ 40 ኤከር ለሦስት ዓመት በኪራይ፣ ኪራዩ በ1860 ለግብር ከተገመተው ዋጋ በዓመት ከ6 በመቶ ሳይበልጥ፣ ከዚያ የመግዛት መብት። ሃዋርድ በጁላይ 1865 ይህን በሥራ እንዲያውሉ ወኪሎቹን አዘዘ። ጆንሰን ግን በብዛት ምሕረት እያደለ ስለነበር ትእዛዙን አስሰረዘውና በሴፕቴምበር በሌላ መመሪያ ተተካ። ከዚያ በኋላ አካሄዱ ቀላል ነበር። የቀድሞው ባለመሬት የታማኝነት መሐላ ይፈጽማል፤ ከ20,000 ዶላር በላይ ሀብት ካለው ከፕሬዚዳንቱ ልዩ ምሕረት ይጠይቃል፤ የምሕረቱን ወረቀት ይዞ ወኪሉ ዘንድ ይቀርባል፤ መሬቱ ይመለስለታል። የዘሩት ሰዎች ምርታቸውን እስኪሰበስቡ ይታገሷቸዋል፤ ከዚያ ወይ ከባለቤቱ ጋር ውል መግባት ወይ መልቀቅ ነው።

በኦክቶበር 1865 ሃዋርድ ራሱ ይህን መርዶ ሊነግር ወደ ኤዲስቶ ደሴት ሄደ። ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ነበር። ጉምጉምታው አላናግረው ሲል አንዲት ሴት መዝሙር አነሣች፤ ጭንቄን ማን አየልኝ የሚል የኀዘን መዝሙር ነው። ከዚያ ሰዎቹ ኮሚቴ መርጠው ለሃዋርድም ለፕሬዚዳንቱም ጻፉ። ለዘመናት ያለ ክፍያ የሠሩበት መሬት መሆኑን፣ የገረፏቸውን ሰዎች ይቅር ማለት እንደሚከብዳቸው፣ በእነሱ ሥር ተመልሶ መኖርም እንደማይቻል አስረድተዋል። ደብዳቤያቸው ዛሬም መዝገብ ውስጥ አለ፤ በዚህ ዘመን ከተጻፈው ሁሉ ቅድሚያ ሰጥቶ የሚነበብ ነው ብለን እናምናለን። መሬቱ አልተመለሰላቸውም። በ1866ቱ ሕግ የሸርማን የይዞታ ወረቀት በእጃቸው የነበራቸው በሌላ አካባቢ 20 ኤከር ተከራይተው በኋላ ኤከሩን በ1 ዶላር ከ50 ሳንቲም እንዲገዙ ተፈቀደ።

በዚያው በጁን 1866 በአላባማ፣ አርካንሶ፣ ፍሎሪዳ፣ ሉዊዚያናና ሚሲሲፒ ያለ የመንግሥት መሬት ለሠፈራ ተከፈተ፤ ለአንድ ተመዝጋቢ እስከ 80 ኤከር። እስከ 1867 መባቻ በመንግሥት ላይ ያመፁት እንዳይመዘገቡ ስለታገዱ ነጻ ወጪዎች ስድስት ወር ቅድሚያ አገኙ። ነገር ግን አብዛኞቹ እስከ ዲሴምበር 31 የሚያስር የሥራ ውል ፈርመው ነበር። ውላቸውን ጥለው ቢሄዱ የዓመቱን ድርሻ ያጣሉ፤ ውሉ ሲያልቅ ቅድሚያውም አብሮ አለቀ። መሬቱም ቢሆን ረግረግና የጥድ ጫካ ነበር፤ መጥረቢያ፣ በሬና የአንድ ዓመት ቀለብ ለሌለው ሰው የማይደፈር። ሕጉ በ1876 ተሻረ።

ጥያቄ፦ የሥራ ውል ሲባል ምን ዓይነት ውል ነው? ያልተማረ ሰው እንዴት ይፈርማል? (የሕግ ተማሪ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በሦስት ቅጂ ይዘጋጃል፤ አንዱ ለባለእርሻው፣ አንዱ ለሠራተኞቹ፣ አንዱ ለቢሮው። ወኪሉ ጮክ ብሎ ያነበዋል። ሠራተኛው የኤክስ ምልክት ያደርጋል፤ ጸሐፊው ከምልክቱ ግራና ቀኝ ስሙን ይጽፋል፤ ምስክር ይፈርማል። ብዙ ጊዜ በአንድ ወረቀት ላይ የእርሻው ሠራተኞች በሙሉ ከነዕድሜያቸው ይዘረዘራሉ። ውሉ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው።

የክፍያው ዓይነት ለእኛ አንባቢ አዲስ አይደለም። አንደኛው ጥሬ ደመወዝ ነው፤ ለወንድ በወር ከ8 እስከ 15 ዶላር፣ ለሴት ያነሰ፣ ግማሹም እስከ ዓመቱ መጨረሻ የሚያዝ። ሁለተኛው ባለእርሻው እየቀለበው ሲሶ የሚያገኝበት፣ ሦስተኛው ራሱን ችሎ እየበላ እኩል የሚያርስበት ነው። በቅሎና ማረሻ የራሱ የሆነለት ደግሞ ከዚያም የተሻለ ድርሻ ይደራደራል። ባለእርሻው ይቀልባል ከተባለ የተለመደው በሳምንት አንድ ፔክ (ወደ 9 ሊትር) የበቆሎ ዱቄትና ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ የሚጠጋ ቤከን ነበር። ይህ በባርነቱ ዘመን የነበረው መስፈሪያ ራሱ ነው።

ውል ሲነበብ መታየት ያለባቸው ቦታዎች ነበሩ። አንደኛ፣ የመቅረት ቅጣት፦ በሕመም ለቀረ የዕለቱ ክፍያ ሲቆረጥ፣ በራሱ ፈቃድ ለቀረ እጥፍ። ሁለተኛ፣ ያለፈቃድ ከእርሻው መውጣትና እንግዳ መቀበል የሚከለክል አንቀጽ፤ ቢሮው የሚሰርዘው እንዲህ ዓይነቱን ነበር፣ የሰነፈ ወኪል ግን ያሳልፈዋል። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው «ለባለእርሻው ካልታዘዘ ይባረራል፣ ድርሻውንም ያጣል» የሚለው ነው። ጥጥ የመጨረሻው አረም ከወጣለት በኋላ፣ በጁላይና ኦገስት፣ ለቀማው እስኪደርስ እጅ አይፈልግም። ሠራተኛው በሰበብ የሚባረረው ያኔ ነው፤ ሥራው ተሠርቶ፣ ክፍያው ሳይደርስ። ወኪሎች ለዚህ የነበራቸው መሣሪያ የሠራተኛውን ድርሻ በምርቱ ላይ ቀዳሚ ዕዳ ማድረግና ጥጡ ከእርሻው እንዳይወጣ ማገድ ነበር። ጥጡ በሌሊት ተጭኖ ከሄደ በኋላ ግን እገዳው ወረቀት ሆኖ ይቀራል። በአቅራቢያው ወታደር ከሌለም ያው ነው።

እኩል አራሹ ለምን ዕዳ ውስጥ እንደሚገባ ለማሳየት አንድ ስሌት እንሥራ። አንድ ቤተሰብ ሦስት ባሌ ጥጥ አመረተ እንበል። አንድ ባሌ የተዳመጠ ጥጥ 450 ፓውንድ (204 ኪሎ) ነው፤ ለዚያ 680 ኪሎ ገደማ ያልተዳመጠ ጥጥ በእጅ መልቀም ያስፈልጋል። ሦስቱ ባሌ 1,350 ፓውንድ ይሆናል። ፓውንዱ በ15 ሳንቲም ቢሸጥ 202 ዶላር ከ50፣ የአራሹ እኩሌታ 101 ዶላር ከ25። ከማርች ጀምሮ በቆሎ፣ ሥጋ፣ ጫማና ጨርቅ የወሰደው ከእርሻው ሱቅ በዱቤ ነው። በዱቤ ሲሆን ዋጋው ከእጅ በእጁ በሩብ፣ አንዳንዴም በግማሽ ይበልጣል። መዝገቡ 110 ዶላር ካለ ሰውየው ዓመት ሙሉ ሠርቶ 8 ዶላር ከ75 ባለዕዳ ሆኖ ያድራል። መዝገቡን የሚይዘው ደግሞ ሻጩ ነው። ጦርነቱ እንዳበቃ ውድ የነበረው ጥጥ ዓመት በዓመት እየረከሰ ሲመጣ ሌላ እህል እንዳይዘራ አበዳሪው አይፈቅድም፤ ለዱቤው መያዣ የሚቀበለው ጥጥ ብቻ ነውና። መሬት የነሳቸው ውሳኔ በየዓመቱ ምን እንዳስከፈላቸው የሚታየው እዚህች ሒሳብ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ውሉ ካልተስማማቸው መተው አይችሉም ነበር? (ከጅማ)

መልስ፦ በቢሮው ደንብ ይችላሉ፤ በየግዛቱ ሕግ ግን ወንጀል ሊሆን ይችላል። ሚሲሲፒ በኖቬምበር 1865፣ ሳውዝ ካሮላይና ወር ሳይቆይ «የጥቁሮች ሕግ» የሚባሉትን አወጡ። በሚሲሲፒው ሕግ ጥቁር ሰው በየጃንዋሪው ሥራ እንዳለው የሚያሳይ ወረቀት መያዝ አለበት። ከሌለው ቦዘኔ ተብሎ እስከ 50 ዶላር ይቀጣል፤ በአምስት ቀን ካልከፈለ ቅጣቱን ለሚከፍልለት ሰው ለጉልበት ሥራ ይከራያል። ከከተማ ውጭ መሬት መከራየትም ተከለከለ። የኤፕሪል 1866ቱ የዜጎች መብት ሕግ የወጣው በዋነኛነት ይህን ለመስበር ነው።

ጥያቄ፦ የተበታተነ ቤተሰብ እንዴት ተገናኘ? ጋብቻቸውስ ይታወቅ ነበር? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በባርነት ዘመን የባሪያ ጋብቻ በሕግ ፊት ዋጋ አልነበረውም፤ ጌታው በፈለገ ጊዜ ይሸጣቸዋል። ነጻ ሲወጡ ብዙዎች ለዓመታት አብረው ኖረው፣ ልጅ ወልደው ሳለ ለመመዝገብ ተሰለፉ። በሚሲሲፒ ቪክስበርግ በተያዘው የጋብቻ መዝገብ ላይ ከስምና ከዕድሜ ቀጥሎ ያሉትን ዓምዶች ማየት ይበቃል፦ ከሌላ ሰው ጋር ስንት ዓመት ኖረዋል፣ በምን ምክንያት ተለያዩ፣ ከቀድሞው ስንት ልጅ አለ፣ ከአሁኑ ስንት። «በምን ተለያዩ» ከሚለው ሥር አንዳንዱ «ሞት» ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ መሸጥ። በኖርዝ ካሮላይና በማርች 1866 የወጣው ሕግ አብረው ይኖሩ የነበሩትን በዳኛ ወይም በካውንቲው (ከግዛት በታች ያለ አስተዳደር) ጸሐፊ ፊት ቀርበው መቼ እንደተጋቡ እንዲያስመዘግቡ አደረገ፤ ክፍያው 25 ሳንቲም ነበር። መዝገቡ ለወግ ብቻ አልነበረም። የሞተ ወታደር ሚስት ጡረታ ለማግኘት፣ ልጅም ለመውረስ ያንን ወረቀት ይፈልጋሉ።

ፍለጋው እኛ «አፋልጉኝ» የምንለው ነው። በፊላደልፊያ የሚታተመው የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ «ክርስቲያን ሪኮርደር»፣ ከ1877 ጀምሮ ደግሞ የኒው ኦርሊያንሱ «ሳውዝዌስተርን ክርስቲያን አድቮኬት» የጠፉ ዘመዶችን ማስታወቂያ ያወጡ ነበር፤ በኒው ኦርሊያንሱ ዋጋው 50 ሳንቲም ነው። ማስታወቂያው የሚጻፍበት መንገድ ልብ ይሰብራል። እናቴን ለማለት መጀመሪያ የጌታዋ ስም፣ ማን ለማን እንደሸጣት፣ በየትኛው ካውንቲ፣ ከዚያ የወንድምና የእኅት ስም በተርታ። መንገዱን የሚያሳየው የሻጩ ስም ነበርና ሊተዉት አይችሉም። ካህናት ከመድረክ ላይ እንዲያነቡት ይጠየቃሉ። ቢሮው በበኩሉ በባቡርና በጀልባ የመሄጃ ፈቃድ ይሰጥ ነበር። የሚገናኙት ከማይገናኙት እጅግ ያነሱ ናቸው።

ልጆች ላይ ሌላ አደጋ ነበረ። ፍርድ ቤቶች «ወላጅ ማሳደግ አይችልም» እያሉ ልጆችን ለቀድሞ ጌቶቻቸው «ለሙያ ልምምድ» ይሰጡ ነበር። ባርነት በኖቬምበር 1864 በተወገደባት ሜሪላንድ ይህ በብዙ ሺህ ልጆች ላይ ተፈጽሟል። በ1867 ዋና ዳኛ ሳመን ቼዝ ኤሊዛቤት ተርነር በምትባል ወጣት ጉዳይ ውሉን ሽሮታል፤ ለነጭ ልጅ የሚሰጠውን የትምህርት ዋስትና ለእሷ ስላልሰጠ።

ጥያቄ፦ ከዚህ ሁሉ የተሳካው የቱ ነው? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ትምህርቱ። በ1870 በቢሮው የተመዘገቡ ከ4,000 በላይ ትምህርት ቤቶች ወደ 250,000 ተማሪ ይዘው ነበር። ቢሮው ለመምህራን ደመወዝ የመክፈል ግልጽ ሥልጣን ስላልነበረው ለሚስዮን ማኅበራት «የሕንፃ ኪራይ» ብሎ ይከፍል ነበር፤ ማኅበሩ በዚያው ገንዘብ መምህር ይቀጥራል። ነጻ ወጪዎቹም ከድህነታቸው ከ700,000 ዶላር በላይ አዋጥተዋል። ቀን ልጆች፣ ማታ ከእርሻ የተመለሱ ወላጆች፤ ሰማያዊ ሽፋን ባለው የዌብስተር ፊደል መቁጠሪያና በመጽሐፍ ቅዱስ ይማራሉ። ዋጋ ያስከፍል ነበር፦ በሜይ 1866 በሜምፊስ በተነሣው ሁከት 46 ጥቁሮች ሲገደሉ 12 ትምህርት ቤቶችም ተቃጥለዋል።

በዋሽንግተን የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ፍሬውን በየቀኑ ያልፉበታል። በ1867 የተመሠረተው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተሰየመው በዚሁ ጄኔራል ሲሆን ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማረበት ነው። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል መነሻም ለነጻ ወጪዎች የተከፈተው ሆስፒታል ነው። በከተማይቱ አናኮስቲያ አካባቢ ቢሮው በ1867 375 ኤከር ገዝቶ እያንዳንዱን አንድ ኤከር ከቤት መሥሪያ እንጨት ጋር በየጊዜው በሚከፈል ዋጋ ሸጧል፤ ባሪ ፋርም ይባላል። ሰዎቹ ቀን ከተማ ውስጥ ሠርተው ማታ በፋኖስ ቤታቸውን ይሠሩ ነበር። መሬት ሲሸጥላቸው ምን ማድረግ እንደሚችሉ ማስረጃው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። የነጻ ወጪዎች ባንክ ለምን ከሰረ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የቁጠባ ባንኩ የተቋቋመው ከቢሮው ጋር በአንድ ቀን ነው፤ የግል ድርጅት ሆኖ ሳለ ወኪሎች እየሰበኩለት፣ በደብተሩ ላይ የሊንከን ምስል ታትሞበት ስለነበር ሕዝቡ የመንግሥት መስሎት አመነው። ከ5 ሳንቲም ጀምሮ ይቀበላል። መጀመሪያ ገንዘቡ በመንግሥት ቦንድ ብቻ እንዲቀመጥ ተወስኖ ነበር። በ1870 ሕጉ ተሻሽሎ በቤትና በመሬት መያዣ ማበደር ተፈቀደለት፤ የቦርድ አባላት ለወዳጆቻቸውና ለራሳቸው ጥቅም ዋስትና የሌለው ብድር አወጡ። የ1873ቱ የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ አለቀለት። በማርች 1874 ታዋቂውን የጥቁሮች መብት ተሟጋች ፍሬድሪክ ዳግላስን የባንኩ ፕሬዚዳንት አደረጉት፤ የራሱን 10,000 ዶላር ቢያስገባም በጁን መጨረሻ ተዘጋ። 61,144 አስቀማጮች 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ዶላር ነበራቸው። ከዓመታት በኋላ ደርሶት የቀረበ ከዶላሩ 62 ሳንቲም አገኘ፤ ደብተሩ የጠፋበት፣ ማስታወቂያው ያልደረሰው ምንም። መንግሥት አልተካላቸውም።

ጥያቄ፦ እኔ እስከ ሰባት ቤት እቆጥራለሁ፤ ጥቁር አሜሪካዊት ባለቤቴ ግን ከቅድመ አያቷ በላይ አታውቅም። ለልጆቻችን የት ልፈልግ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ከቤተሰቡ ሽማግሌዎች የካውንቲውን ስም ያግኙ፤ ያለ ካውንቲ አይጀመርም። ከዚያ ወደ 1870ው የሕዝብ ቆጠራ ይሂዱ። ነጻ ወጪዎች በሙሉ ስማቸው የተመዘገቡበት የመጀመሪያው ነው፤ ከእሱ በፊት በነበሩት የባሪያ ዝርዝሮች ላይ ያለው በጌታው ስም ሥር ዕድሜ፣ ፆታና የቆዳ ቀለም እንጂ ብዙውን ጊዜ ስም አይደለም። ቀጥሎ የቢሮውን መዝገቦች ይፈልጉ። ፋሚሊሰርች በተባለው ድረ ገጽ በነጻ ይገኛሉ፤ የስሚዝሶንያን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚየምም መፈለጊያ አለው። የቁጠባ ባንኩን መዝገብ አይዝለሉ፤ ፊርማ ለመለየት ሲሉ የትውልድ ቦታ፣ የቀድሞ ጌታና የእርሻ ስም፣ የወላጆችና የወንድም እኅቶችን ስም ይጽፉ ነበር።

ፍለጋውን የሚያሰናክለው የቤተሰብ ስም ነው። አንዳንዱ የመጨረሻውን ጌታ ስም ያዘ፣ አንዳንዱ የአባቱን ጌታ፣ አንዳንዱ የራሱን መረጠ፤ ሁለት ወንድማማቾች ሁለት ስም ሊኖራቸው ይችላል። ጸሐፊውም የሰማውን ነው የጻፈው፤ በሦስት አራት ዓይነት አጻጻፍ ይሞክሩ። ዕድሜን እስከ አምስት ዓመት ወዲህና ወዲያ ይተዉለት። የሥራ ውሎች የሚገኙት ብዙ ጊዜ በባለእርሻው ስም ስለሆነ በ1870ው ቆጠራ ላይ በአቅራቢያው የሚኖሩትን ባለብዙ መሬት ነጮች ስም ይያዙና በእነሱ ይፈልጉ። ውሉን ካገኙ የቅድመ አያትየውን ስም ብቻ ቀድተው አይውጡ፤ ከላይና ከታች ያሉትንም ከነዕድሜያቸው ይቅዱ። በአንድ ወረቀት ላይ ተከታትለው የኤክስ ምልክት ያደረጉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ዘመዳሞች ናቸው።